አፉን ሳይከፍት የማይቀጠፈው ፍሬ

(ለምግብ ዝግጅት ሠልጣኞች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ? ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጃማይካ ማጀት ነው። ጃማይካ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ሬጌ ነው፣ ሻሸመኔ ነው፣ ሩጫም ነው። እኔ ኪንግስተን በኖርኩባቸው ዓመታት ግን ቀልቤን የወሰደው ድስቱ ነው። ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ስፋቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አንድ መቶኛ ያህል። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ የምዕራብ አፍሪካ፣ የሕንድ፣ የቻይና፣ የእንግሊዝና የጥንቶቹ ባለአገሮች የታይኖዎች ምግብ አንድ ማዕድ ላይ ይገናኛል።

ስለ ሆቴሉ ምግብ አላወራችሁም። ለቱሪስት የሚቀርበው ዶሮና ሩዝ አይጠላም፤ በልቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። የእኔ ጉዳይ ሰው ቤት የሚበላው፣ መንገድ ዳር በማሰሮ የሚሸጠው፣ አያቶች የሚያውቁትና የልጅ ልጆች እየረሱት ያለው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ያልለመዱትን ምግብ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ በአፉ ነው የሚጀምረው። ያያል፣ ይገዛል፣ ይቀምሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ጃማይካ ላይ ይሄ አያዋጣም። እዚያ አንዳንዱ ምግብ ሳይጠይቁ ከበሉት ይገድላል። ማጋነኔ አይደለም። ስለዚህ ከምግቡ በፊት የሚፈለገው የሚያውቀው ሰው ነው። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው።

በአኪ ልጀምር።

አኪ የዛፍ ፍሬ ነው። ቀይ ነው፣ መዳፍ ይሞላል። ሲበስል ቅርፊቱ ሦስት ቦታ ይሰነጠቅና ይከፈታል። ውስጡ ሦስት የሚያብለጨልጩ ጥቁር ፍሬዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ክሬም መልክ ያለው ወፍራም ሥጋ። የሚበላው ያ ሥጋ ብቻ ነው። ጥቁሩ ፍሬ በሰለም አልበሰለም መርዝ ነው።

ዛፉ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በባሪያ ንግድ ዘመን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ብሊግያ ሳፒዳ ነው። ስሙ የተሰጠው ፍሬውን በ1793 ከጃማይካ ለንደን ወዳለው የኪው የዕፅዋት አትክልት ቦታ ለወሰደው እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ለዊልያም ብላይ መታሰቢያ ነው። በመጣበት በምዕራብ አፍሪካ እንደ ጃማይካ የዘወትር ገበታ አልሆነም። ጃማይካውያን ግን ብሔራዊ ፍሬያቸው አደረጉት።

ያልበሰለ አኪ ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ አለው። ይህ መርዝ ሰውነት ስብን ወደ ጉልበት እንዳይለውጥ ያግደዋል። ጉበትም ስኳር መሥራት ያቅተዋል። የደም ስኳር በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የበላው ሰው ያስታውካል፣ ይዝላል፣ ራሱን ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ለረጅም ዘመን ሰዉ «የጃማይካ የማስታወክ በሽታ» እያለ ሲጠራው መነሻው በውል አይታወቅም ነበር። በ1916 ሄንሪ ሃሮልድ ስኮት የሚባል ሐኪም ነገሩን ከአኪ ጋር አያያዘው። መርዙ ተለይቶ የወጣው በ1954 ነው፤ ያወጡትም እዚያው ኪንግስተን ሞና በሚገኘው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። አሜሪካ በ1973 አኪ እንዳይገባ ከለከለች። በ2000 ፈቀደች፤ ያውም ተፈትሸው ላለፉ አምራቾች ብቻ።

ይሄ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ጓያ አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ እንደሚያዝ ገበሬያችን ከማንም በፊት ያውቃል። ስለዚህ ይዘፈዝፈዋል፣ ውኃውን ይደፋል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅለዋል። ድርቅ ሲመጣ ያ እውቀት ነው ሰው የሚያተርፈው።

ኪንግስተን መሃል ኮሮኔሽን ማርኬት የሚባል ትልቅ ገበያ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከየገጠሩ የመጣ ቦዬ፣ ሙዝ፣ ቅጠላ ቅጠል መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሂግለር ይሏቸዋል። ዕድሜያቸው የገፋውን ሰዉ «አንቲ» ነው የሚላቸው። እኔም እንደ ሰው «አንቲ፣ ይሄ በስሏል?» ብዬ አንዷን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ በስሏል ወይ አይባልም» አሉኝ። «ዛፉ ላይ ራሱ ከፈተ ወይ? ብለሽ ጠይቂ።»

ከዚያ ሁለት ፍሬ አንስተው አሳዩኝ። አንዱ በደንብ ተከፍቷል፣ ጥቁሩ ፍሬ ከሩቅ ይታያል፣ ሥጋው ሞልቷል። ሌላው ትንሽ ጫፉ ብቻ ተላቋል። ሁለተኛውን ለብቻ አስቀመጡት። ሕጉ ይሄ ነው፤ አኪ ዛፉ ላይ እያለ አፉን መክፈት አለበት። ተቀጥፎ ቤት ውስጥ የተከፈተ አይቆጠርም። በእጅ የተፈለቀቀማ ጨርሶ አይነካም። ሕፃናት ሳይቀሩ ይህን ያውቃሉ።

አንቲ እዚያው ተቀምጠው ማጽዳቱን አሳዩኝ። ጥቁሩን ፍሬ ነቅሎ መጣል። ከዚያ ሥጋውን በአውራ ጣት ገለጥ ማድረግ፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀላ ያለ ስስ ሽፋን አለ። እሱን በቢላ ጫፍ ወይም በጥፍር ስቦ ማውጣት። አንድም እንዳይቀር። እሳቸው ሲሠሩት ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ከጎረቤታቸው ጋር እያወሩ ጣታቸው ብቻ ይሮጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጸዳው አኪ ታጥቦ በጨው ውኃ ይቀቀላል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ውኃው ይደፋል፤ ለሾርባ ብሎ ማስቀረት የለም። ለብቻው ደግሞ በጨው የደረቀ ዓሣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ውኃው ተቀይሮ ይቀቀላል፣ እሾኹ እየተለቀመ በጣት ይፈረፈራል። መጥበሻ ላይ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጦስኝ፣ በጣም የሚያቃጥለው ስኮች ቦኔት ቃሪያና ቁንዶ በርበሬ። ዓሣው ይገባል፣ ይቁላላል። አኪው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ከገባ በኋላ መማሰል የለም። ማንኪያውን ከሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ። ከማሰላችሁት ይፈርስና ገንፎ ይሆናል። በደንብ ከተያዘ ቢጫ ሆኖ፣ አንዱ ከአንዱ ተለይቶ፣ አፍ ላይ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ስለ ዓሣው አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ጃማይካ በባሕር የተከበበች ናት። ታዲያ ለምን ከሩቅ የመጣ የደረቀ ዓሣ? መልሱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። የእርሻው ጌቶች ለባሪያዎቻቸው ርካሽና የማይበላሽ ምግብ ይፈልጉ ነበር። ከሰሜን አሜሪካ ጠረፍ በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣ በመርከብ ይመጣላቸዋል። ጥሩ ጥሩው አውሮፓ ይሸጣል፣ ዝቅተኛው ወደ ካሪቢያን። ያ ለባሪያ የተጣለ ዓሣ ከአፍሪካ ከመጣ ፍሬ ጋር ተገናኝቶ የአገር ምግብ ሆነ። ጃማይካውያን እሑድ ጠዋት ይህንን በኩራት ሲያቀርቡላችሁ ታሪኩን አውቃችሁ ብሉ።

ወደ ካሳቫ ልለፍ። ካሳቫ እኛም ጋ አለ፤ ወላይታና ጋሞ አካባቢ የሄደ ያውቀዋል። መራራው ዓይነት ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። ታይኖዎች ኮሎምበስ በ1494 ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ዘዴውን አግኝተውታል። ሥሩ ይላጣል፣ ይፋቃል። መፋቁ ራሱ መርዙን እንዲለቅ ያደርገዋል። ከዚያ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ይጨመቃል። የቀረው ይነፋል፣ ጨው ይጨመርበታል፣ ጋለ ምጣድ ላይ ክብ ሆኖ ተዘርግቶ ይጫናል። ዘይት የለም፣ እርሾ የለም። ዱቄቱ በገዛ እንፋሎቱ ይያያዛል። ይገለበጣል። ባሚ ይሉታል።

ታይኖዎች በስፔኖች ግዛት ሥር በጦርነት፣ በሥራ ጫናና በበሽታ አለቁ። ቂጣቸው ግን አለ። ሲበላ በኮኮናት ወተት ይነከርና በዘይት ይጠበሳል። ከኪንግስተን ትንሽ ወጣ ብሎ ሄልሻየር የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ የተጠበሰ ዓሣና ባሚ ለመብላት ሰው እሑድ እሑድ የሚጎርፍበት። ውጪው ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ለእኔ ጃማይካ ውስጥ ካለው ሁሉ የላቀ ምግብ ይሄ ነው። ከአኪ እበልጣለሁ ባይል እንኳ እኔ አስበልጠዋለሁ።

የዳቦ ፍሬ የሚሉት ደግሞ አለ። ይህኛው ከፓሲፊክ ነው የመጣው። ያው ብላይ ነው ያመጣው። በመጀመሪያው ጉዞው፣ በ1789፣ ባውንቲ የሚባለው መርከብ መርከበኞች አመፁበትና ችግኙን ባሕር ውስጥ ጣሉት። በ1793 በሌላ መርከብ ተሳካለት፤ ችግኙ ጃማይካ ደርሶ ባዝ በሚባለው የዕፅዋት ቦታ ተተከለ። ዓላማው ባሪያዎችን በርካሽ መመገብ ነበር። እነሱ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። አሁን ግን ዛፉ የሌለበት ግቢ ማየት ይከብዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሙሉው ፍሬ ከሰል ላይ ይቀመጣል። እያገላበጡ ውጪው በሙሉ ጠቁሮ እስኪከስል፣ ከዘንጉ በኩል እንፋሎት እስኪወጣ መጠበቅ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ልቡ በቢላ ይወጣል። ትኩሱን በቅቤ። የተረፈው በማግስቱ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ብዙ ሰው የማግስቱን ይመርጣል።

ጀርክን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሥሩ ማሩኖች ናቸው፤ ከባርነት አምልጠው ተራራ ላይ የኖሩና እንግሊዞችን ተዋግተው በ1739 ውል ያስፈረሙ ሰዎች። የዱር አሳማ በቅመም አሽተው፣ ፍሬው ቅመም በሚሆነው በፒሜንቶ ዛፍ እንጨት ቀስ ብለው ያበስሉ ነበር። ያለ ፒሜንቶ እንጨት ጭስ የሚሠራው ጀርክ ለእኔ የተቀመመ ጥብስ ነው። ፖርትላንድ አውራጃ ቦስተን ቤይ ሄዳችሁ ብትቀምሱ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ሴንት ኤልሳቤጥ አውራጃ ከሄዳችሁ ደግሞ ሚድል ኳርተርስ ላይ መኪናችሁን አቁሙ። ሴቶች በርበሬ የተነከረ ቀይ የወንዝ ሽሪምፕ በትንንሽ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ያቃጥላል፣ ጨው በዝቶበታል፣ ጣት ያስልሳል።

የፍየል ሾርባቸውም አለ፤ ማኒሽ ዋተር ይሉታል። ጭንቅላቱ፣ እግሩ፣ ሆድ ዕቃው ይገባል፤ ከጥሬ ሙዝና ከቦዬ ጋር ሰዓታት ይፈላል። ሠርግና ትልቅ ድግስ ላይ ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው ውጪ በትልቅ ብረት ድስት የሚሠሩት። ጭንቅላቱ መጀመሪያ እሳት ላይ ይለበለብና በቢላ ይፋቃል። ዱለት የሚወድ ሰው እዚህ እንግድነት አይሰማውም። አውሮፓውያን ጓደኞቼ ሲሸሹት አያለሁ፤ እኔ ሁለተኛ ሰሃን እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ኢንተርኔት ላይ «የዓለም አስገራሚ ምግቦች» እያሉ እንዲህ ያለውን ፊታቸውን አጨማደው የሚያሳዩ አሉ። ያ ሾርባ የአንድ ሰው የሠርግ ምግብ ነው። እናት ለልጇ ስትሠራው የነበረ ነው። እናንተ ነገ ካሜራ ይዛችሁ ከተማ ወይም ገጠር ስትወጡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ሽንኩርት ላጡ። ውኃ አቀብሉ። ፈቃድ ጠይቁ። ካሜራው ይደርሳል።

አሁን ወደ እኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። ራስታፈሪያን አይታል የሚሉት አመጋገብ አላቸው። እንቅስቃሴው የተወለደው በ1930 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሊዮናርድ ሃውል በ1940 ፒናክል በሚባል ኮረብታ ላይ ሰዎችን አሰባስቦ የራሳቸውን እህል እያመረቱ የሚኖሩበትን ሰፈር መሠረተ። አይታል ሥጋ የለውም። ብዙዎቹ ጨውም አያስገቡም። ምግቡ ከመሬት እንደወጣ፣ ሳይበረዝ መብላት ነው ሐሳቡ። ንጉሡ ኪንግስተን የደረሱት ሚያዝያ 1966 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1970 እዚያ ስትተከል ደግሞ ከራስታዎቹ ብዙዎች ተጠመቁ፤ ጾም ከአይታል ጋር ተገናኘ። እኔ በጾም ወቅት ኪንግስተን ውስጥ የምበላው አጥቼ አላውቅም።

ያለ ጨው እንዴት ይጣፍጣል? ይህን ማወቅ ለማንኛውም አብሳይ ይጠቅማል። የኮኮናት ወተት ይፈላል፤ ቀይ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ጎደሬ፣ ቦዬ ይገባበታል። ጦስኝ ከነግንዱ፣ ጥቂት የፒሜንቶ ፍሬ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ከዚያ አንድ ስኮች ቦኔት ሳይቆረጥ፣ ከነዘንጉ፣ ከላይ ይቀመጣል። ቃሪያው ሽታውን ይሰጣል፣ ቃጠሎውን ግን ይዞ ይቀራል። ከፈነዳ አለቀ፤ ማንም አይበላውም። ስለዚህ ድስቱ በኃይል እንዲንተከተክ አይደረግም። ቃሪያው ሲለሰልስ በማንኪያ ተይዞ ይወጣል። እኔ ይህን ዘዴ በሽሮ ላይ በኛ ቃሪያ እሠራዋለሁ፤ ሞክሩት።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆናችሁ ምን ልትሠሩ ትችላላችሁ? አኪ የለም፣ ቢኖርም ያለ አዋቂ እንድትነኩት አልመክርም። ጃማይካውያን «ካላሉ» የሚሉት ቅጠል ግን የአሉማ ዘመድ ነው። ለጋ አሉማ አግኝታችሁ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጦስኝና በቃሪያ ለትንሽ ጊዜ አብስሉት፤ ጠዋት በዳቦ ይበላል። ሶረል የሚሉት የገና መጠጣቸው ደግሞ የእኛው ከርከዴ ነው። ከርከዴውን ከተወቀጠ ዝንጅብልና ከጥቂት ቅርንፉድ ጋር የፈላ ውኃ ደፍታችሁበት አሳድሩት፤ ጠዋት አጥልላችሁ ስኳር ጨምሩ።

ዱኩኑ ግን ሠርታችሁ እንድታሳዩኝ የምፈልገው ነው። ከጋና አካባቢ የሄደ ምግብ ነው። ሁለት ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የተፋቀ ስኳር ድንች፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሁለት ኩባያ ያህል የኮኮናት ወተት፣ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቁንጥጫ ጨው። ሊጡ ወፈር ይበል፤ ከማንኪያ ቶሎ መውረድ የለበትም። እነሱ የሚጠቀልሉት በሙዝ ቅጠል ነው። እዚህ የደፎ ዳቦው ኮባ አለላችሁ። ቅጠሉን እሳት ላይ ለአፍታ አሳልፉት፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። ከመካከል ሊጡን አድርጋችሁ እንደ ፖስታ እጠፉ፣ በቃጫ እሰሩ። የፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቀቀል፤ ውኃው እንዳይጎድል ተመልከቱ። ሲወጣ ወዲያው አትፍቱት። እስኪበርድ ይጠብቅ፤ ያኔ ይያያዛል፣ በቢላ ይቆረጣል።

አንድ ሰው ቅድም «ይህን ሁሉ ለመቅመስ ጃማይካ መሄድ ግድ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ግድ አይደለም። ሻሸመኔ ከዚህ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ንጉሡ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለደገፉን የአፍሪካ ዘሮች በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ጃማይካውያን ቤተሰቦች ዛሬም ይኖራሉ፣ ያበስላሉ። ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቋቸው። አረጋውያኑን አንቱ በሉ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቦዬ ወይም ጎደሬ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይላቸዋል። የቃሪያውን ነገር ደግሞ ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ብታዩት ይሻላል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ ከርከዴው በስተኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው።